በእትዬ ዘሃራ በርጩማ ላይ

እናንተ፣ ሰው አይቷችሁ ደንግጦ ያውቃል? ሳላበጥር በር ስከፍት ጎረቤቴ የምትደነግጠውን ድንጋጤ ማለቴ አይደለም፤ እሱን ለምጄዋለሁ። እኔ የምላችሁ፣ አንድ ደልዳላ ተሸካሚ ጀርባው ላይ ያለውን ማዳበሪያ መሬት ላይ ዘርግፎ፣ ዓይኑን ከናንተ ላይ ሳይነቅል፣ ወደ ኋላው እየረገጠ ሲጠፋ ነው። እኔን ገጥሞኛል። ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ በቅዳሜ ገበያ፣ ሰው ከሰው በሚገፋፋበት በርበሬ በረንዳ።

ነገሩን ያመጣው እኩልነት ነው።

እኛ ቤት እኩልነት አለ። በእግሩ አልመጣም፤ እኔ ነኝ ጎትቼ ያስገባሁት። ባሌ ታደሰ ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል። ወንዱ ልጄ ሽንኩርት ይከትፋል፤ እያለቀሰ ነው የሚከትፈው፣ ግን ይከትፋል። የተቃጠለ አምፖል የምትቀይረው ሴቷ ልጄ ናት። አማቴ አንድ ቀን ሳይነግሩን መጥተው ታደሰን ሽርጥ ታጥቆ ድስት ሲያማስል ቢያገኙት፣ «ምነው ልጄ፣ ታመመችብህ እንዴ?» ብለው እያነከሱ መኝታ ቤት ድረስ እኔን ፍለጋ ገቡ። እኔ እቴ! ተጋድሜ ስልኬን ስነካካ አገኙኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን በታደሰ በኩል ሆነ።

ታዲያ ይሄ ሁሉ አብዮት ተካሂዶ አንድ ነገር ሳይነካ ቀርቶ ነበር። የዓመት በርበሬ። መግዛቱ፣ መቀንጠሱ፣ ማስጣቱ፣ ማስፈጨቱ፣ እያስነጠሱ ቤት መመለሱ፣ ሁሉም እኔው ትከሻ ላይ ነበር። እዚያ ላይ ማን አስቀመጠው ብዬ ራሴን ስጠይቅ ራሴን አገኘሁት። «ታደሰ ጥሩውን ከመጥፎው አይለይም» እያልኩ ለዓመታት ከበርበሬ የጠበቅኩት እኔ ነኝ። ዘንድሮ በቃኝ አልኩ። እራት ላይ ማንኪያዬን አስቀምጬ «የዘንድሮውን በርበሬ የሚገዛው አባታችሁ ነው» ብዬ አወጅኩ።

ታደሰ «እሺ» አለ። የታደሰ እሺ ያናድዳል። ከልቡ ስለሆነ ለጭቅጭቅ ያዘጋጃችሁት ነገር ሁሉ አፋችሁ ውስጥ ይቀራል።

ቅዳሜ ጠዋት ጫማዬን ሳስር ልጄ በሩ ላይ ተደግፋ አየችኝ።

«እማዬ፣ የሚገዛው አባዬ አይደል እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ አንቺ የት ነሽ?»

«ልሸኘው ነው።»

«እስከ የት?»

«እስከ በርበሬው» አልኩና በሩን ዘጋሁባት። እንዲህ አድርጌ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ማንን ልውቀስ?

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ከታክሲ ወርደን፣ ከሰው ጋር እየተጋፋን ገባን። ታደሰ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ከፊት፣ እኔ ዘመናዊ ሚስት ሆኜ ከኋላ። በረንዳው አፍ ላይ ስንደርስ ገና ጉሮሮዬ ያዝ አደረገኝ። እዚያ ያለውን ብርሃን አይታችሁት ታውቁ እንደሆነ እንጃ። ከላይ የተወጠረውን ሸራ የስንት ዓመት በርበሬ አቅልቶታል፤ ፀሐይዋ በሱ ውስጥ አልፋ ስትመጣ ሰውም ሚዛኑም ውሻውም ቀይ ነው። ነጋዴው ሁሉ ከአቧራው የተነሳ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ይውላል። ፊት የለም። ዓይን ብቻ ነው ያለው። በግራ በቀኝ የተደረደረ ዓይን፣ አንገቱን ሳያዞር ይከተላችኋል።

ዓይኖቹ ደግሞ የሚከተሉት እኔን ነው። «እናት፣ ዛላውን እይው!» «እናቴ፣ ነይ፣ የዘንድሮ ነው!» ዘንቢሉን የያዘው ታደሰ፣ የሚጠሩት እኔን። «እሱን ጠይቁት፣ ገዢው እሱ ነው» ብዬ ባሌን ባሳይ፣ አንዱ ነጋዴ ታደሰን ከላይ እስከ ታች በሐዘኔታ አየውና «አይዞህ ወንድሜ» አለው።

መሀል አካባቢ አንዲት ልጅ ዘንድ ቆምን። ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። ነጃት እንደምትባል በኋላ ነው የሰማሁት። መሸፈኛዋን ወደ አንገቷ አውርዳዋለች፤ ፊቷ ለስላሳ ነው፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ከኋላዋ አጭር በርጩማ አለ፤ ባዶ ነው፤ ከመቀመጥ ብዛት መሀሉ ተልጎ ያብረቀርቃል። እሷ ግን ቆማ ነው የምትሸጠው። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ደንበኛ ቆሞ አትቀመጥም ብዬ በሆዴ አመሰገንኳት።

ታደሰ ከዕቃው ጀርባ ገብቶ አንድ ማዳበሪያ ፊት ቁጢጥ አለና ዛላ በዛላ መምረጥ ጀመረ። አንዱን ያነሳል፣ ወደ ብርሃኑ ያሳያል፣ ያሸተዋል፣ ይሰብረዋል፣ ያስነጥሳል፣ ሌላውን ያነሳል። መሐንዲስ ነው ሥራው። በዚህ አያያዙ የኛን በርበሬ ለፋሲካ ያደርሰዋል ብዬ፣ አላስችል ቢለኝ፣ እንዴት እንደሚመረጥ ላስተምረው አፌን በሰፊው ከፈትኩ። ልክ ያኔ ከጎን ያሉት ሰዎች የተፈጨ ሚጥሚጣ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ገለበጡ።

የከፈትኩት አፍ በዚያው ቀረ። ትንፋሽ የለ፣ ድምፅ የለ፣ ዓይን የለ። በስመአብ ልል ብሞክር «ህ» ብቻ ሆነ። ልጅቷ ሮጣ መጣችና ሚስማር ላይ ከተሰቀለ ነገር መሀል አንድ ሻሽ አውርዳ፣ በሁለት እጇ ፊቴን ከአፍንጫዬ እስከ አገጬ ጥምጥም አድርጋ አሰረችልኝ። «አይተንፍሱ በአፍ። ውሃ ላምጣልዎት» ብላ ወጣች። እኔ እንባዬ እየወረደ በእጄ ከኋላዬ ዳበስኩ፤ እንጨት አገኘሁ፤ ቁጭ አልኩ።

በርጩማው ሞቃት ነበር።

ማንም አልተቀመጠበትም ብያችኋለሁ። ፀሐይም አይደርስበትም። አሁን የተነሳ ሰው የተወው ዓይነት ሙቀት ነው፣ ታውቁት የለ፣ ታክሲ ውስጥ የሚያጋጥማችሁ። በኋላ ለታደሰ ስነግረው «በርበሬ ያሞቃል» አለኝ። እሱ ለሁሉም ነገር መልስ አለው።

ዓይኔን ስገልጥ ተሸካሚው ፊቴ ቆሟል። ቀድሜ የነገርኳችሁ ነው። ማዳበሪያው ከጀርባው ወረደ፣ ዛላው መሬት ለመሬት ተበተነ፣ እሱ ግን ሊለቅም አላጎነበሰም። ወደ ኋላው እየረገጠ ሄደ። ልጠይቀው ብል ድምፅ የለኝም። ፀጉሬ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ነካ ነካ አደረግኩ። ይሄን ሳደርግ ማዶ ያለችው ሴት ፊቷን አዞረች።

ቀጥሎ አንድ ኮት የለበሱ ጎልማሳ ሰውዬ መጡ። ስልካቸውን እያዩ «እትዬ ዘሃራ፣ አሰላሙ አለይኩም፣ የለመድኩትን» አሉኝ። ዝም አልኩ፤ ምን ላድርግ? ቀና አሉ። እጃቸው ላይ ያለው ስልክ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ዛሬም ተቆጥተዋል?» አሉ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

ራሴን በአሉታ ነቀነቅኩ። ሰውዬው ጭራሽ ባሰባቸው። እጃቸውን እየፈሩ ዘርግተው የእጄን ጀርባ በአንድ ጣታቸው ነኩት። «ይሞቃል» አሉ ለራሳቸው። ሙቀቱ ደስ አላላቸውም። ቢቀዘቅዝ የሚሻላቸው መሰለ። ከዚያ ሳይገዙ ሄዱ።

በረንዳው ዝም ማለት ጀመረ። በአንዴ አይደለም፤ ከኛ አጠገብ ተነስቶ፣ ወደ ታች፣ ሱቅ በሱቅ። «ነይ እይው» የሚለው ቀረ፣ ሚዛን ማንኳኳቱ ቀረ፣ መጨረሻ ላይ የሚሰማው ከሩቅ የሚያጓራው ወፍጮ ብቻ ሆነ። እነዚያ ሁሉ ዓይኖች እኔ ላይ ናቸው። ስብሰባ ላይ እንዲህ ቢያዩኝ ኖሮ ለሰዓት እናገር ነበር። ያን ለት ግን ታደሰን ፈለግኩ። ታደሰ ከማዳበሪያው ጀርባ ሆኖ ያስነጥሳል።

ልጅቷ ውሃ ይዛ መጣች። ከጎን ነው የመጣችው፣ ጀርባዬን ነው ያየችው። ጆጉ ከእጇ ወደቀ።

«እማዬ» አለች።

ጥያቄ አልነበረም። ዞር ስል አየችኝ፣ ሻሹን ራሷ እንዳሰረችልኝ ትዝ አላትና ፊቴ ተንበረከከች። እኔም ገና ያኔ ነው የገባኝ፤ የሆነ የማይነካ ነገር ነክቻለሁ።

«የእናቴ በርጩማ ነው» አለች በሹክሹክታ። «እዚህ በረንዳ ሰው ሲሞት በርጩማው ላይ ማንም አይቀመጥም። ሽማግሌ መጥቶ የሚተካውን እስኪሰይም እንዲሁ ይቆያል። ሻሹም የሷ ነው። ሳላስበው ነው ያወረድኩት።»

ብድግ ልል ስል ጉልበቴን ያዘችኝ።

«እዚሁ ላይ ነው የሞተችው። እንዲህ ተሸፍና እንደተቀመጠች። እኔ ወፍጮ ቤት ነበርኩ። ሰው ሁሉ ሰላም እያላት ያልፋል። መልስ ሲያጡ ጊዜ፣ ተቆጥታለች እያሉ ነው የሄዱት። ቁጡ ነበረች። እኔ ተመልሼ የመስፈሪያውን ጣሳ ስጪኝ ስላት ከእጇ አልወጣ አለ።»

ወይ ጉዴ! ለካ ያ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ የተተከለው ለዚህ ነው። ለካ ሰውዬው እጄን የነኩት ለዚህ ነው። መቀመጫዬ ከእንጨቱ ላይ የተጣበቀ መሰለኝ።

«አይነሱብኝ» አለች። «ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ አጎቴ ሽማግሌውን ሐጂን ይዞ ይመጣል። ቦታውን ለልጁ ሊያሰጥ ነው። ከሞተች ሁለት ወር አይሞላም፣ በየቀኑ እየመጣ ይቺን ባዶ በርጩማ ያሳየኛል። ባዶ ሆና ሲያያት ነው የሚደፍረኝ። እስኪሄዱ ብቻ ይቀመጡልኝ።»

«አንቺስ ለምን…» ለማለት ሞከርኩ፤ «ህ» ብቻ ወጣ። ገባት ግን። በርጩማውን አየችና ዓይኗን ቶሎ አነሳች።

«እኔ እፈራታለሁ» አለች።

አያችሁ የኔን ነገር። ስለ ሴት ልጅ መብት ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ። የትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ እጄን ሳወጣ ወላጆች ጃኬታቸውን የሚለብሱት በከንቱ አይደለም። አሁን አንዲት ልጅ ከእንጀራዋ ልትነቀል ስትል፣ ከኔ የተፈለገው አንድ ነገር ቢኖር አፌን ሸፍኜ የሞተ ሰው መምሰል ሆነ። ደግሞ ተሳክቶልኛል! ተቀመጥኩ። አዛኑ ከሩቅ ተሰማ።

አጠገባችን እትዬ ውድነሽ የሚባሉ ኮረሪማና አዝሙድ የሚሸጡ አሮጊት አሉ። ሌላው ሁሉ ዓይኑን ሲተክልብኝ እሳቸው ቀና አላሉም ነበር። ኮረሪማቸውን እየለቀሙ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ በጎን ድምፅ አወሩኝ።

«መጣሽ? እኔ እንደሆነ አውቄዋለሁ። ልጅሽን ጥለሽ አትቀመጪም ብያለሁ።»

ልጅቷን ቁልቁል አየኋት።

«ቀዝቃዛ ነው እዚያ? … ተይው፣ አትንገሪኝ።» የሚለቅሙት ጣታቸው ቆመ። «የኔዋን አየሻት? በወሊድ የሄደችብኝን። ስሟን ታውቂው የለ። አብሯት የሄደውን ሕፃን፣ ታቅፈዋለች ወይ? ይሄን ብቻ በይኝ።»

እኔ ልጆቼን ከምንም በላይ አትዋሹ ብዬ ነው ያሳደግኳቸው። ለታናሹ የወለቀ ጥርስ የምትወስድ አይጥ እንኳ የለችም ብዬ አስለቅሼዋለሁ። እኚህ ሴትዮ በጎናቸው ሆነው የኔን መልስ ይጠብቃሉ፤ አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ሲመታ ይታየኛል። ራሴን ከላይ ወደ ታች ነቀነቅኩ። ታቅፈዋለች።

«እሺ» አሉ። «በቃኝ።» ኮረሪማ መልቀማቸውን ቀጠሉ። ልክ ነው ያደረግኩት ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ አላውቅም። ቢደገም ግን እደግመዋለሁ።

በዚህ መሀል ታደሰ ከማዳበሪያው ጀርባ ብቅ አለ። ዓይኑ ደም መስሏል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ በእጁ የመረጣቸውን ዛላዎች እንደ ጫጩት አቅፏል። እግዜር ይስጠው፣ መጣልኝ ብዬ ቀና ስል፣ በአክብሮት ጎንበስ አለልኝ።

«ይቅርታ እትዬ፣ ባለቤቴን አይተዋታል? አሁን እዚህ ጋ ቆማ ነበር።»

እመኑኝ፣ እስካሁን ካየሁት ሁሉ ያስፈራኝ ይሄ ነው። ሁለት ልጅ የወለድኩለት ሰውዬ! ዓይን ለዓይን እየተያየን! እጄን አየሁት። ጥፍሬ ውስጥ ድረስ ቀይ ነው። የኔ እጅ እንዲህ ሻካራ ነበር? ጣሳው መቼ እጄ እንደገባ አላስታውስም፤ ይዤዋለሁ፤ ያውም ጠበቅ አድርጌ። ታደሰ «አመሰግናለሁ» ብሎኝ፣ ምኑን እንዳመሰገነኝ እንጃ፣ ወደ ማዳበሪያው ተመለሰ።

ከዚያ ሰዎቹ መጡ።

አጎትየው ኢድሪስ ይባላል፤ የሟች ታናሽ ወንድም ነው፤ ሸሚዙ ንፁህ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ። ሐጂ ሙዘሚል ደግሞ ከዘራ የያዙ፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሽማግሌ ናቸው። ሐጂ ገና ከመድረሳቸው አዩኝ። ቆሙ። ምንም አላሉም፤ ከንፈራቸው ብቻ ዱዓ ሲያደርግ ይንቀሳቀሳል። ኢድሪስ ግን በርጩማውን ባዶ አድርጎ ለምዶታል መሰለኝ ወደዚያ አላየም። ቀጥታ መጥቶ ከተንበረከከችው ልጅ ራስ በላይ ቆመ።

«እንግዲህ ነጃት፣ ሐጂም መጥተዋል፣ ዛሬ ነገሩ ይለቅ» አለ። «እናትሽ ሌላ ነበረች፣ አሏህ ይዘንላት። አንቺ ልጅ ነሽ። ይሄ አቧራ ሳንባሽን ይበላዋል። ቤት ግቢ፣ ደህና ባል ይፈለግልሻል። ቦታውን ልጄ ይይዘዋል። ወንድ ሲይዘው ያምራል፤ ለደንበኛም ደስ ይላል። ሰማሽ? ቀና በይና መልስ ስጪ እንጂ! ምን እንደ…»

ጣቱን ግንባሯ ላይ ሲቀስር ደሜ ፈላ። ድምፄ ከየት እንደመጣ አልነግራችሁም፣ አላውቀውማ። ከሆዴ ነው የወጣው፤ ጎርናና፣ የተቃጠለ፣ በርበሬ የበላው።

«ቆመህ አታውራ! ቁጭ በልና ተናገር!»

ይቺን ነገር ለወንዱ ልጄ በቀን ስንት ጊዜ እንደምለው። ምግብ እያኘከ ከላያችን ቆሞ ሲጨቃጨቅ። ሌላ ምንም ትርጉም የላትም።

ኢድሪስ ዞረ። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ወዴት እንደሄደ እንጃ፣ በዚያ ቀይ ብርሃን ውስጥ እሱ ብቻ አመድ መሰለ። ንፁህ ሱሪውን ሳያስብ መሬት ላይ፣ በተበተነው ዛላ መሀል ቁጭ አለ።

«እትዬ» አለ። የልጅ ድምፅ ነው። በኋላ ነጃት እንደነገረችኝ እናቷ ይሄን ወንድሟን እንዲሁ እያለች ነው ያሳደገችው፣ ቃል በቃል። «እትዬ፣ ይቅር በይኝ። የዚያን ቀን እኔም ሰላም ብዬሽ ነው ያለፍኩት። ዝም ስትይኝ አኩርፈሽኝ መስሎኝ ሄድኩ። ተመልሼ ባይሽ ኖሮ… ይሁን እትዬ። ለነጃት ይሁን። እንዳልሽ።»

በረንዳው ተነፈሰ። ከየሱቁ «አልሃምዱሊላህ» ሲሉ ይሰማኛል፣ አንዷ «እሰይ!» አለች። እኔማ! ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። ስንት ስብሰባ፣ ስንት ንግግር ያላሸነፈውን በአንዲት ቃል ረታሁት! ለልጄ እንዴት አድርጌ እንደማወራላት ማሰብ ሁሉ ጀምሬያለሁ።

ከዚያ ነጃትን አየኋት። ደስ ያላት ሰው አልመሰለችም። ቅድም ከነበረችው አንሳ፣ ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች። ማንም አያያትም። አጎቷ እሺ ያለው ሟቿን ነው፤ ልጅቷን አይደለም። ነገ ድንጋጤው ሲለቀው ይመጣል። ነገ እኔ የለሁም። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ያቺ ልጅ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ተንደላቅቄ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አፈርኩ።

ሻሹን ፈታሁ።

የተነሳው ድምፅ ጩኸት አልነበረም፤ ብዙ ሰው አንዴ ተስፋ ሲቆርጥ የሚያሰማው ነው። ገሚሱ ተቀየመኝ መሰለኝ። እትዬ ውድነሽ ብቻ ወደኔ አላዩም። ሆን ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ኮረሪማቸውን ይለቅማሉ።

«ማናት ይቺ?» ኢድሪስ ከመሬት ተወርውሮ ተነሳ። አቧራውን ከሱሪው ያራግፋል፣ ዓይኑ ላይ እንባው አልደረቀም። «በእህቴ ቀለዳችሁብኝ! ያልኩትን አንስቻለሁ! ሐጂ፣ ይስሙልኝ፣ አንስቻለሁ!»

«አንተ!» ብሎ ኢድሪስ ላይ የጮኸው ታደሰ ነው፤ ዛላዎቹን አቅፎ ቆሟል፤ የሚያየው ግን እኔን ነው። «አንቺ ነሽ እንዴ?»

ሐጂ ከዘራቸውን ከፍ አደረጉ።

«ልጄ፣ ማን አስቀመጠሽ?» አሉኝ።

«ማንም፣ ሐጂ። በርበሬ ገብቶብኝ ነው። አላወቅኩም።»

«እንግዲያው ተነሺ።»

ተነሳሁ። ጣሳውን በርጩማው አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅኳቸው። በርጩማው ባዶ ሆነ። ሐጂ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ዘሃራ እዚህ ስትቀመጥ አውቃለሁ» አሉ። «ባሏ ሞቶ፣ ይቺን ልጅ አዝላ። ያኔም አይሆንም ያለ ብዙ ነበር፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። መጥታ ተቀመጠች። አሁን እኔ ስም ልጠራ ነው የመጣሁት። ነገር ግን ቦታዋን ፈርታ ከጎኑ የምትቆም ሰው ብሰይም፣ ነገ ሌላ ያነሳታል። ነጃት፣ ትቀመጪበታለሽ?»

ልጅቷ ቆመች። በርጩማውን ስታየው ያየችውን እኔም ያየሁ መሰለኝ፤ እዚያ ላይ ሰው ነበር፣ ተሸፍኖ፣ ጣሳ የያዘ፣ መልስ የማይሰጥ። አይዞሽ ልላት አፌ ተከፈተ። ድምፄ አሁን አለ፣ ደህና ሆኗል፣ የምለው ነገር ሞልቶኛል። ታደሰ ክንዴን ያዘኝ። ዘጋሁት።

«እናቴ እዚህ ላይ ስትሞት ማንም አላያትም» አለች ነጃት። ለሐጂ አይደለም፣ ለአጎቷም አይደለም፣ ለበረንዳው ሙሉ ነው። ድምፅዋ ይቆራረጣል። «ሁላችሁም ሰላም ብላችሁ አለፋችሁ። እኔም አላየኋትም። አሁን እኔን እዩኝ።»

ተቀመጠች።

ዓይኗን ጨፍና ነው የተቀመጠችው። ፊቷን አልሸፈነችም። አቧራው በቀዩ ብርሃን ውስጥ ቀስ እያለ ይወርድባታል፣ ቅንድቧ ላይ፣ ከንፈሯ ላይ። እኔ፣ ይቅር በሉኝ፣ እንዳትነቃነቅ ፈራሁ፤ ወይም ደግሞ እንደዚያኛዋ ሳትነቃነቅ እንዳትቀር። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች፣ ጣሳውን አነሳች፣ ሁለት ጊዜ ሚዛኑን መታ መታ አደረገችው። ወደ ባሌ ዞረች።

«ጋሼ፣ ስንት ኪሎ ነበር ያሉኝ?»

ታደሰ ዛላዎቹን አቅፎ ወደ ፊት ሊራመድ ሲል አጎትየው በሱና በሚዛኑ መሀል ቆሟል። ሰፊ ሰው ነው፤ መንገዱን ሞልቶታል። ሁሉም አየው። ነጃት ቀና ብላ አየችው፣ ከታች ወደ ላይ፣ ከተቀመጠችበት።

«አጎቴ፣ ደንበኛ ነው። አሳልፈው።»

አሳለፈው።